ኮሶን በዓይኔ ያየሁ ቀን

(በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የቅዳሜ ከሰዓት ውይይት ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት እየተቻለ እዚህ ድረስ መምጣት ቀላል አይደለም።

በጥያቄ ልጀምር። ጠላ የቀመሳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ሁላችንም ማለት ነው። አሁን ደግሞ የጌሾን ተክል ቆሞ አይታችሁ «ይሄ ጌሾ ነው» ማለት የምትችሉ? አምስት፣ ስድስት ሰው። ያወጡትም እናቶች ናቸው። እኛ አዲስ አበባ ተወልደን ያደግነው ጌሾን የምናውቀው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የዕፅዋት ባለሙያ አይደለሁም። የአማርኛ መምህር ነኝ። ወደዚያ ተራራ የወሰደኝም አንድ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ለዘጠነኛ ክፍል ፈሊጣዊ አነጋገር እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ኑሮ እንደ ኮሶ መረረኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኮሶ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?» አለችኝ። ለሆድ ትል የሚጠጣ መድኃኒት ነው አልኳት። «እሱንማ አያቴም ነግራኛለች። ዛፉ ምን ይመስላል?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ አለፍኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩ ከነከነኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ይህን ቋንቋ ሳስተምር። ኮሶ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ዛፉን ግን አይቼው አላውቅም። ወይም አይቼው፣ ሳላውቀው አልፌዋለሁ። ከዚያ ሌሎቹ ቃላት ይመጡብኝ ጀመር። የታክሲ ረዳቱ «ወይራ! ወይራ! ሁለት ሰው!» ሲል ሮጬ እገባለሁ። ወይራን ከሌላ ዛፍ ለይ ብትሉኝ ግን አልችልም። ሾላ ገበያ ሄጄ ሽንኩርት እገዛለሁ፤ ሾላ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ትልቅ ሰው ሲሞት «ዋርካው ወደቀ» ብዬ አዝናለሁ። ዋርካና ሾላ በምን እንደሚለያዩ ብትጠይቁኝ ዝም ነው። ቃሉ አፌ ላይ አለ። ዛፉ የለም።

የሚቀጥለው እሁድ እናቴን ይዤ ወደ ጉለሌ ወጣሁ። እናቴን የወሰድኩበት ምክንያት አለኝ። መንዝ ነው ተወልዳ ያደገችው። ወሩም ኅዳር ነበር።

ቦታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ማዕከሉ ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ተራሮች ላይ ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ብታስቡት ወደ አንድ ሺህ ሜዳ ይጠጋል። በዓለም ስመ ጥር የሆነው የለንደኑ የዕፅዋት ማዕከል፣ ኪው፣ 130 ሄክታር ገደማ ነው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር በቀል ዕፅዋት ላይ አተኩሮ የሠራው የኬፕታውኑ ኪርስተንቦሽ 528 ሄክታር ነው። የኛ በስፋት ከሁለቱም ይበልጣል። የተቋቋመው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚጀምር ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወጣቶችም ብትሆኑ ቀስ በሉ።

መናፈሻ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። መናፈሻ ውስጥ ዛፍ የሚተከለው እንዲያምር፣ ጥላ እንዲሆን ነው። የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ደግሞ ዛፉ መታወቂያ አለው ማለት ይቻላል። ምን እንደሆነ፣ ዘሩ ከየት እንደተሰበሰበ፣ መቼ እንደተተከለ ይመዘገባል። አንድ ዝርያ በተወለደበት አገር ቢጠፋ እንኳ ዘሩ እዚህ እንዲገኝ ነው የሚደከመው።

እንግዲህ በሩን አልፈን ገባን። እንጦጦ ሲባል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ እዚያም የተቀበለን እሱ ነው። ስለ ባሕር ዛፍ ትንሽ ልበል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ወይ ያመልከዋል ወይ ይረግመዋል።

ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደኛ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ በእኛ አቆጣጠር ነው። ያኔ አዲስ አበባ ገና ለጋ ከተማ ናት። ግን በዙሪያዋ ያለውን ጫካ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጨርሳዋለች። ማገዶ ሲጠፋ ከተማ ይለቀቃል፤ የቀደሙት ነገሥታት ከተማ እንዲህ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታው ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰ። ቶሎ ያድጋል። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተማችንም እዚሁ ቀረች። ዛሬ እዚህ ተሰብስበን የምናወራው በከፊልም ቢሆን በዚያ ዛፍ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱን ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሱ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን አልሰድበውም።

ግን አንድ ነገር አየሁ። እናቴ ከዘራ ትይዛለች። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንሄድ ከዘራዋ መሬቱን ሲነካ ቋ፣ ቋ ይላል። መሬቱ ደረቅ ነው። ላዩ ላይ የረገፈ ቅጠልና ልጣጭ አለ እንጂ እምብዛም አይበቅልበትም። ጥቂት እንደሄድን ጽድና ወይራ የተቀላቀለበት ቦታ ደረስን። የከዘራው ድምፅ ጠፋ። ጫፉ አፈሩ ውስጥ ሰመጠ። እናቴ አወጣችውና ጫፉን አየችው። ጥቁር እርጥብ አፈር ይዟል። «ይሄ አፈር ነው፤ ያኛው መንገድ ነው» አለችኝ። ስለ ደን መመለስ ብዙ ሪፖርት ይጻፋል። እኔ እንደዚያች ከዘራ ያስረዳኝ የለም።

ማዕከሉ ውስጥ ባሕር ዛፉን በየተራ እያነሱ በቦታው አገር በቀሉን ይተካሉ። በአንድ ጊዜ አይጨረገድም፤ ቁልቁለት ነው። አፈሩ ቢሸረሸር ጎርፉ የሚወርደው ወደ እኛ ሰፈር ነው። አገር በቀሉ ደግሞ አዝጋሚ ነው። የዛሬ ችግኝ ጥላ እስኪሆን የዛሬ ሕፃን ትልቅ ሰው ይሆናል።

ጽድን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የአማርኛ መምህር የሚያስደንቀው ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ «የሐበሻ ጽድ» እንላለን። ለምን? ምክንያቱም «የፈረንጅ ጽድ» መጣ። ያ በየግቢው አጥር የምናደርገው፣ ለገና ቆርጠን መብራት የምንሰቅልበት የፈረንጁ ነው። የራሳችን ጽድ ሺህ ዓመት ጽድ ብቻ ሲባል ኖሮ፣ እንግዳው ሲመጣ በገዛ አገሩ ቅጽል ተጨመረለት። አሁንማ ልጆቻችን «ጽድ» ስንላቸው የሚያስቡት የፈረንጁን ነው። እውነተኛውን ማየት የፈለገ ያረጁ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ይግባ። እንጨቱን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፤ ለምሰሶ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የድሮው ደን የተረፈው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው።

ወይራውን ደግሞ እናቴ ከሩቅ ለየችው። ቅጠሉ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከታች ፈዘዝ ያለ ነው። ነፋስ ሲነካው ቀለሙ ይቀያየራል። እንግዲህ የጠላ ጋን የሚታጠነው፣ የወተት ቅል የሚታጠነው፣ መፋቂያ የሚቆረጠው ከዚህ ነው። የአውሮፓው ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ ዘመዱ ነው፤ በሳይንስ ሰዎች አመዳደብ እንዲያውም አንድ ዝርያ ናቸው። የኛ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ዘይት አይወጣውም። ለኛ የተረፈን ጭሱና ጥንካሬው ነው።

ወደ ኮሶው ልምጣ። አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ናት። ከእናቴ ጋር ወዲያው ተግባብተዋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና «እማማ፣ ይሄን ያውቁታል?» አለቻት። እናቴ ቀና ብላ አየች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «ኮሶ» አለች። «ሴቴ ናት።»

ዛፉ እንዲህ ነው። ግንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ልጣጩ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ቅጠሉ ረጅም ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቅጠሎች ተደርድረውበታል። የየአንዳንዱ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ይሰበሰባል። አበባው ደግሞ! እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ቁልቁል ይንዠረገጋል፤ ክንድ የሚያህል አለው። ኮሶ ወንድና ሴት አለው፤ በተለያየ ዛፍ ላይ። የሴቴዋ አበባ ቀላ ይላል። እኛ የቆምነው ከሥሯ ነው። ከቀዩ ዘለላ መሐል ንቦች ይጮሃሉ። ይህን ያህል የሚያምር ዛፍ በአማርኛችን ውስጥ ለምሬት ብቻ መጠራቱ አሳዘነኝ። ዘሩ ከጽጌረዳ ወገን ነው፤ ቀጋና እንጆሪም ዘመዶቹ ናቸው።

እናቴ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል አነሳች። ገልብጣ በአውራ ጣቷ ሆዱን ዳሰሰችው። ከዚያ ስለ አባቷ ነገረችኝ። እኔ አያቴን አላውቃቸውም፤ ሳልወለድ ነው የሞቱት። በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የዚያን ዕለት ሥራ የለም፤ እርሻም ገበያም አይሄዱም። እናቴ ትንሽ ልጅ ሆና ዋንጫውን የምታቀብለው እሷ ነበረች። «ፊቱን አዙሮ ነበር የሚጠጣው፤ ፊቱ ሲጨማደድ እንዳላይበት» አለችኝ። ስለ አያቴ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ እሳቸውን ያየሁ ያህል የተሰማኝ በዚህ ነው። ያን ታሪክ ለአርባ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ነግራኝ አታውቅም። ዛፉ ነው ያስታወሳት። (አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ኮሶ እንዳትጠጡ። መጠኑ ካለፈ አደገኛ ነው። ዛሬ ለኮሶ ትል ጥሩ ክኒን አለ።)

ልብ ብላችሁ ከሆነ ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው የሚባለው። በሳይንስ ስሙ ደግሞ ሀጌንያ አቢሲኒካ ይባላል። ሀጌን ማነው? ካርል ጎትፍሪድ ሀጌን የሚባል የጀርመን ሊቅ ነው። ጦስኝም እንዲሁ ነው። ያ በሻይ የምንጠጣው፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው፣ እናቴ ከመንዝ ዘመድ ሲመጣ «ያዝልኝ» የምትለው ጦስኝ የሳይንስ ስሙ ቲመስ ሽምፔሪ ነው። ዊልሄልም ሽምፐር ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. አገራችን ገባ። እዚሁ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። አርባ ዓመት የለፋ ሰው ነውና ስሙ ቢቀመጥ አይከፋኝም። ግን እሱ እያንዳንዱን ቅጠል ሲሰበስብ መንገዱን ያሳዩት፣ ይህ ለምች ነው፣ ይህ ለሆድ ነው ያሉት የአገሬው ሰዎች ነበሩ። የእነሱ ስም የትም የለም። የተረፈው ያወጡት የዛፉ ስም ነው። ጦስኝ። ኮሶ። ዳማከሴ። እነዚህን ስሞች ስንጥል የነሱን የመጨረሻ ፊርማ እየፋቅን ነው።

ደግሞ የኛ ሊቃውንትም ሠርተዋል። አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደረቁ ናሙናዎችን ሲሰበስብ ኖሯል። በ1980 እ.ኤ.አ. ከስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ አንድ በአንድ መዝግቦ በመጽሐፍ ማውጣት። በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዘገቡ። ከመቶ አሥር ያህሉ ከእነዚህ አገሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። የጉለሌን ማዕከልም መርተዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የኳስ ተጫዋች ስም በቃሉ የማይል ልጅ ክፍሌ ውስጥ የለም። የእኚህን ሰው ስም ስጠይቅ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። አሁን ግን ያውቃሉ።

ስለ እንዶድም ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብወርድ ቅር ይለኛል። ድሮ ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይሆናል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ሄዱ። የሚያጠኑት ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው ወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ሌላ ሰው አይቶት አልፎ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ቆመው ጠየቁ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ ተረጋገጠ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የምርምሩ መነሻ ላቦራቶሪ አልነበረም፤ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ነበሩ። አንድ ልጅ እንዶድን ሳያውቅ ካደገ፣ ያንን ወንዝ ዳር ቢያልፍ እንኳ ምንም አያይም።

ሁለተኛ የሄድኩት በመስከረም ነው፤ ከተማሪዎቼ ጋር። የኮሶዋን ጥያቄ የጠየቀችኝም ልጅ ነበረች። በነገራችን ላይ ያኔ እናቴ ያነሳችውን ቅጠል አስጎብኚዋን አስፈቅጄ ደብተር ውስጥ አድርጌ አምጥቼላት ነበር። ደረቀ እንጂ አልጠፋም፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «ኮሶ (ሴቴ)» ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

መስከረም ላይ ሜዳ ሜዳው አደይ ነው። አደይ በጋውን ሙሉ ዘሩ መሬት ውስጥ ተኝቶ፣ ክረምት ሲመጣ በቅሎ፣ ለዘመን መለወጫ ይደርሳል። ልጆቹ ሮጠው ገቡበት። አንዱ ሊቀጥፍ ጎንበስ ሲል ሌላው «ተው፣ እዚህ አይቀጠፍም» አለው። ስለ አምጃ ቢጫ አበባ ተከራከሩ። ብርብራ ዘሩ ተወቅጦ ዓሣ ለማስከር እንደሚውል ሲሰሙ ወንዶቹ በጣም ተደሰቱ። ቀጋ ሲያዩ ግን አንድም ያወቀው አልነበረም። የእናቴ ትውልድ እረኛ ሆኖ ፍሬውን እየለቀመ ያደገበት ዛፍ ነው። ቆይቶ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አያቴ ቀጋ የምትለው ይሄን ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ ይሄ ነው አልኩት። ስልኩን አውጥቶ እዚያው ደወለላት።

እንግዲህ ለመሄድ ለምታስቡ፦ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት እንጦጦ ላይ ዝናቡ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ጥሩ ጫማ አድርጉ። ሹራብ ያዙ፣ ብርድ አለ። ኮሶ ሲያብብ ማየት የሚፈልግ ከጥቅምት በኋላ፣ አደይ የሚፈልግ በመስከረም ይሂድ። እንደ እንጦጦ ፓርክ ካፌና መጫወቻ ፍለጋ አትሂዱ፤ እሱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሌላ ቀን ይደርሳል። ከቻላችሁ ደግሞ ገጠር ያደጉ እናት ወይም አባት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። እነሱ መሐል መሐል ላይ ይቆማሉ። አትቸኩሉባቸው። የሚቆሙት ደክሟቸው ብቻ አይደለም።

የሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እኔ አለሁ። እናቴም ጉልበቷ ከፈቀደላት ትመጣለች። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉልኝና ተሰባስበን እንሄዳለን። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ። ቅድም ስለ ጌሾ እጃችሁን ያወጣችሁ እናቶች ግን መጀመሪያ እናንተ ንገሩን፤ ጌሾ ቅጠሉ ምን ይመስላል?